የፕላስቲክ ሰራተኛችሁን የት ታሰለጥናላችሁ? ጅማ ላይ ለምትጀምሩ የቀረበ ንጽጽር

ጅማ ውስጥ ፕላስቲክ ሰብስቦ ለመፍጨት ወይም መልሶ ለማምረት ያሰበ ሰው ሊያማክረኝ ሲመጣ ወሬው ሁሉ ስለ ማሽን ነው። ከውጭ የመጣው ይሻላል ወይስ እዚሁ የተበየደው? በሰዓት ስንት ኪሎ ይፈጫል? ስንት ፌዝ መብራት ይፈልጋል? ስለ ሰው የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው። አልፈርድበትም። እኔም ስጀምር ማሽኑ ይኑር እንጂ ሰው አይጠፋም ብዬ ነበር። ያ ሐሳብ ብዙ አስከፍሎኛል።

ሰራተኛ ለማሰልጠን እዚህ ያሉን መንገዶች አራት ናቸው። አንዱ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው። ሌላው አዲስ አበባ ያለ ፋብሪካ መላክ ነው። ማሽን ሻጩ የሚሰጠው ስልጠና አለ። አራተኛው ግቢያችሁ ውስጥ ስራውን ከሚያውቅ ሰው ጋር እየሰሩ መማር ነው። አራቱንም ሞክሬያለሁ። የትኛው እንደሚሻል በምትሰሩት ስራ ይወሰናል። አንድ ነገር ግን ለሁላችንም ይሰራል፤ ከማሽን ኦፕሬተሩ በፊት መሰልጠን ያለበት የመለያ ጠረጴዛው ላይ የቆመው ሰው ነው። እኛ ግን ገንዘባችንን የምናፈሰው ኦፕሬተሩ ላይ ነው።

መጀመሪያ የቱን ስራ እንደምትሰሩ ወስኑ

የፕላስቲክ ስራ ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ሰብስቦ፣ ለይቶ፣ አጥቦና ፈጭቶ መሸጥ ነው። ሁለተኛው ፍጩን አቅልጦ ጥራጥሬ ማድረግ ነው። ሦስተኛው ያለቀለት እቃ፣ ማለትም ሳፋ፣ ጀሪካን ወይም ቱቦ ማምረት ነው።

ፈጭቶ ለመሸጥ የሚያስፈልገው እውቀት መለየት፣ ማጠብ እና የመፍጫው ደህንነት ነው። ጥራጥሬ ላይ ስትደርሱ ሙቀት ይመጣል። የጀሪካን ፕላስቲክ 130 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። የወንበርና የማዳበሪያ ከረጢት ፕላስቲክ 160 አካባቢ ነው። ሃይላንድ ደግሞ 250 አልፎ ነው የሚቀልጠው። እነዚህን የቀላቀለ ሰው አንዱ ሳይቀልጥ ሌላውን ያሳርራል። ያለቀለት እቃ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ሞልድ (የእቃው ቅርጽ ማውጫ)፣ ማቀዝቀዣ፣ የእቃ ክብደት፣ የቀለም ልክ ይጨመራሉ። ይህን በሁለት ሳምንት ስልጠና እንጨርሰዋለን የሚላችሁን አትመኑ።

ሕጉንም አስቡ። ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፌስታል ገና በአዋጅ ቁጥር 513/1999 ተከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ደግሞ ፌስታል ማምረትንም መሸጥንም መጠቀምንም ከለከለ። ስለዚህ ዛሬ አንድን ወጣት ፌስታል በሚነፋ ማሽን ላይ ማሰልጠን ነገ የማይሰራበትን ሙያ ማስተማር ነው። ቱቦ፣ ሳፋ፣ ጥራጥሬ ላይ አሰልጥኑት። ያው ልጅ፣ ያው ጊዜ።

የእኔ ምክር በመጀመሪያው ዓመት ፈጭታችሁ ሽጡ ነው። መለየቱን በደንብ ያልቻለ ግቢ ጥራጥሬ ማሽን ቢገዛ የሚያመርተው ብልሽት ነው።

የመለያ ጠረጴዛው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ፣ የመጣልን ጭነት ውሃ የጠጣ ነበር። መለያው ላይ የምትሰራ አንዲት እህት ጥርት ያለ ጠርሙስ አንስታ ገለበጠችው። ቂጡን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና «ጋሼ፣ ይሄ እምብርት የለውም» አለችኝ። አልገባኝም ነበር። ሌላ ሃይላንድ ገልብጣ አሳየችኝ። መሃሉ ላይ ትንሽ ክብ ነጥብ አለች። የያዘችው ግን ነጥብ የለውም፤ ቂጡን ለሁለት የሚከፍል ቀጭን መስመር ነው ያለው።

ልክ ነበረች። ሃይላንድ መጀመሪያ ወፍራም ቱቦ መስሎ በሞልድ ይሰራል፣ ከዚያ ተለጥጦ ይነፋል። ነጥቧ ፕላስቲኩ ወደ ሞልዱ የገባባት ቦታ ናት። መስመር ያለው ደግሞ ፕላስቲኩ እንደ ቱቦ ሲወርድ ሞልዱ ከታች ቆንጥጦ የዘጋው ነው። ጥርት ያለና መስመር ያለው ጠርሙስ ፒቪሲ፣ ማለትም ቱቦ የሚሰራበት ዓይነት ፕላስቲክ፣ ሊሆን ይችላል። ፒቪሲ ሃይላንድ በሚቀልጥበት ሙቀት ይቃጠላል፣ አሲድ ይለቃል፣ ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል። በ1 ቶን ሃይላንድ ውስጥ ጥቂት መቶ ግራም ቢገባ እንኳ ሙሉውን ጭነት ዋጋ ያሳጣዋል። ያቺ እህት ይህን በየትም ክፍል አልተማረችም። በቀን ብዙ መቶ ጠርሙስ ከሚያልፍበት እጅ ነው የተማረችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በግቢያችን «እምብርት» የስራ ቃል ሆነ፤ አዲስ የገባ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት የሚማረው እሱን ነው።

ቀጥሎ ባልዲ ውሃ አምጡ። የጀሪካን፣ የፌስታልና የክዳን ፍጭ ይንሳፈፋል። ሃይላንድ፣ ፒቪሲና ቶሎ የሚሰበረው የሚጣል ኩባያ ይሰምጣሉ። ምክንያቱ ክብደታቸው ከውሃ ጋር ሲነጻጸር መለያየቱ ነው፤ ውሃን 1 ብንል የጀሪካኑ 0.95 ገደማ ነው፣ የክዳኑና የወንበሩ 0.9፣ የሃይላንዱ 1.38። የሰመጠውን ደግሞ 10 ሊትር ውሃ ላይ 1 ኪሎ ተኩል ጨው በሟሟበት ባልዲ ውስጥ ጨምሩት። ኩባያው ይነሳል፣ ሃይላንዱና ፒቪሲው እዚያው ይቀራሉ። ውሃው ላይ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጉ። አለዚያ ትንንሹ ፍጭ የአየር አረፋ ይዞ ይንሳፈፍና ያታልላችኋል።

በእሳት እያቃጠሉ በማሽተት መለየት የሚባለውን ግን ተዉት። የፒቪሲ ጭስ ሳንባ ይጎዳል። ለዓመታት እንዲህ የሚያሸቱ ሰዎች አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቃችሁ አሰልጥኑ። የሞተር ዘይትና የአረም ማጥፊያ እቃ ለብቻው ይቀመጥ። ጅማ ዙሪያ ገበሬ አለ፣ መድኃኒት የያዘው ጀሪካን ወደ እኛ መምጣቱ አይቀርም። እሱ ተፈጭቶ ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ ተመልሶ ውሃ የሚቀዳበት ጀሪካን ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያስቀር ማሽን የለም። የሚያስቀረው ጠረጴዛው ላይ የቆመችው ሴት ዓይን ነው። ለእሷ የሚከፈለው ደሞዝ ከኦፕሬተሩ ያንሳል፤ ይህ መስተካከል አለበት ብዬ አምናለሁ።

ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ

ጥቅሙ ወረቀቱና መሠረቱ ነው። ሰራተኛችሁ ምዘናውን አልፎ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ከያዘ ሙያው የእሱ ነው፤ እናንተ ብትዘጉም ይዞት ይሄዳል። ይህ ለሰራተኛው ትልቅ ነገር ነው። የትብብር ስልጠናም አለ፤ ሰልጣኙ ጊዜውን በኮሌጅና በድርጅት ይከፍላል። ለእናንተ ሰልጣኝ መቀበል ማለት ገና ሳትቀጥሩት ስራውን ማየት ማለት ነው።

ጉድለቱ ኮሌጁ ውስጥ ያለው ማሽን ከእናንተ ጋር ላይመሳሰል መቻሉ ነው። ስለዚህ ፕላስቲክን ሳይሆን ኤሌክትሪክ፣ ብየዳና ጥገና ለማሰልጠን ተጠቀሙበት። መፍጫ ቢላ የሚሞርድ፣ ሂተር የሚቀይር፣ ሞተር የሚያየው ሰው ከዚያ ይወጣል። አጫጭር ስልጠናውን ለሁለት ሰው ብትከፍሉ ዓመቱን ሙሉ መካኒክ ከመጥራት ታርፋላችሁ። በስራ ላይ ቆይቶ የተማረውንም ሰው ለምዘና ማስመዝገብ ይቻላል፤ ክፍል ሳይገባ ችሎታው ይመዘናል።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ነገር ነው፣ ሰራተኛ ለማሰልጠን አይደለም። ግን በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ የማቴሪያል ሳይንስና ምህንድስና ትምህርት አለ፣ ዩኒቨርሲቲውም ተማሪዎቹን ማህበረሰብ ውስጥ ገብተው እንዲሰሩ በማድረግ ይታወቃል። የማጠቢያ ውሃችሁን የሚመረምር ተማሪ ጠይቁ።

አዲስ አበባ ፋብሪካ መላክ

350 ኪሎ ሜትር ነው። አበል፣ ማደሪያ፣ ትራንስፖርት፣ እዚህ የሚጎድለው የስራ ቀን፣ ሁሉንም ደምሩት። ከዚያም ሰውየው ላይመለስ እንደሚችል አስቡ። ይህን ስል ሰራተኛን መጠርጠሬ አይደለም። የተሻለ ደሞዝ ያየ ሰው መቅረቱ ተፈጥሯዊ ነው።

የሚያገኘው ግን ሌላ ቦታ የለም። በሦስት ፈረቃ የሚሰራ ቤት ያያል። ሞልድ ሲቀየር፣ እቃ ሲመዘን፣ ብልሽት ሲመዘገብ ያያል። ካይዘንን፣ ያንን የጃፓኖች አሰራርን በየጊዜው የማሻሻል ዘዴ፣ በወረቀት ሳይሆን ወለል ላይ ያየዋል፤ መፍቻ ሁሌ ከተሰቀለበት ቦታ ሲነሳና እዚያው ሲመለስ። የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ ፋብሪካ ይህን ሞክሯል። ከሁሉም በላይ ለአነስተኛ ግቢ የሚጠቅመው ይኸው የእቃ አቀማመጡ ነው።

አንድ የማይነገር ነገር አለ። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች የሚያቀልጡት በአብዛኛው ከውጭ የገባ ንጹህ ጥሬ እቃ ነው፤ አገራችን ጥሬ ፕላስቲክ አታመርትም፣ በዶላር ነው የሚገባው። እዚያ የሰለጠነ ልጅ ከረጢት ቀዶ ማሽኑ ውስጥ መገልበጥ ነው የለመደው። ጅማ ተመልሶ ጭቃ የጠጣ፣ ስያሜ የተለጠፈበት፣ እርጥብ ፍጭ ሲሰጠው ግራ ይገባዋል። ስለዚህ አዲስ ሰው አትላኩ። እዚህ ቢያንስ ሦስት ወር ሰርቶ ጥያቄ የተጠራቀመበትን ላኩ። ጥያቄዎቹን በደብተር አስጽፋችሁ ላኩት፤ አራት ሳምንት ይበቃዋል። ሁለት ሰው ላኩ፤ አንዱ ቢቀር አንዱ ይመለሳል።

ማሽን ሻጩ

ማሽን ስትገዙ «ስልጠና ነጻ ነው» ይሏችኋል። ለእኔም እንዲሁ ተባለ። ባለሙያው መጣ፣ ሁለት ቀን ቆየ። አንድ ጎበዝ ልጅ አጠገቡ ሆኖ ቁልፎቹን ተማረ። ከሁለት ወር በኋላ ልጁ ሌላ ስራ አግኝቶ ሄደ። አንድ ቀን ማሽኑ እየሰራ መብራት ጠፋ። ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ቀዝቅዞ ደረቀ። መብራቱ ሲመጣ ሙቀቱ እስኪደርስ ሳንጠብቅ ፕላስቲኩን እየዞረ የሚገፋውን ስክሩን አስነሳነው። ስክሩ ተሰበረ። አዲሱ እስኪመጣ ግቢው ዝም አለ፤ አስራ አንድ ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ቤታቸው የሚጠብቃቸውን አውቅ ስለነበር ፊታቸውን ማየት ከብዶኝ ነበር።

ሻጩን አልከስም። እኔ ነኝ «ስልጠና» የሚለውን ቃል ያልጠየቅኩት። አሁን ውል ላይ የማስገባው ይህ ነው። ቢያንስ ሦስት ሰው ይሰልጥን። ስልጠናው በእኛ በራሳችን ፍጭ ይሁን፣ ሻጩ ባመጣው ንጹህ ጥሬ እቃ አይሁን። መብራት ሲጠፋ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምን እንደሚደረግ፣ ሲመለስ ደግሞ ምን ያህል ጊዜ አሙቆ መጠበቅ እንደሚገባ ይታይ። የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው ሰራተኞቹ ባለሙያው ሳያግዛቸው ማሽኑን አጥፍተው ካስነሱ በኋላ ነው። ከዚያም ከወር በኋላ አንድ ቀን ተመልሶ ይምጣ። ጥያቄ የሚወጣው ያኔ ነው።

ሻጩ በእነዚህ ካልተስማማ፣ ነጻ የተባለውን ስልጠና ባዶ ብላችሁ አስሉት።

እዚሁ ግቢ ውስጥ

ጅማ በእንጨት በርጩማዋ የታወቀች ናት። በርጩማ የሚፈለፍል ሰው ልጁን የሚያስተምረው አጠገቡ አስቀምጦ ነው። ለእኛም ዋናው ስልጠና ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ግን አንድ አደጋ አለው። ነባሩ ሰራተኛ ስህተት ካለበት ስህተቱም ይወረሳል። ጓንት የማያደርግ አስተማሪ ጓንት የማያደርግ ተማሪ ያወጣል።

ስለዚህ ዝም ብሎ «አጠገቡ ቁም» አይበቃም። በየሳምንቱ አንድ ነገር ይመረጥ። ይህ ሳምንት የእምብርት ነው፣ የሚቀጥለው የውሃ ባልዲው፣ ከዚያ መፍጫውን ለማጽዳት ከዋናው ማብሪያ ማጥፋትና ቁልፉን ኪስ መክተት። በተለይ ይህን የመጨረሻውን ማንም ሰው ሳያልፈው ወደ መፍጫው አይቅረብ። መፍጫ ጣት አይመርጥም።

ስልጠናው በሚገባቸው ቋንቋ ይሁን። ጭነት የሚያመጡልን ብዙዎቹ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ናቸው። በአማርኛ ብቻ የተለጠፈ ማስጠንቀቂያ ለግማሹ ሰው ግድግዳ ነው። እኛ ጽሑፉን ቀነስነው። ሰሌዳ ላይ እቃውን ራሱን ቸነከርን፤ ሃይላንድ ከነእምብርቱ፣ የጀሪካን ቁራጭ፣ የፒቪሲ ቱቦ ቁራጭ፣ ከስሩ የፕላስቲኩ ዓይነት ቁጥር፣ 1፣ 2፣ 3። ማንበብ የማይችል ሰውም ያየዋል።

አዲስ አበባ ማንም የማያስተምራችሁ የጅማ ጉዳይ ደግሞ ዝናብ ነው። የታጠበ ፍጭ አልደርቅ ይላል። እርጥብ ፍጭ ቢቀልጥ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ጥራጥሬው ውስጥ ቀዳዳ ይሰራል። ሃይላንድ ደግሞ እርጥብ ሆኖ ከቀለጠ ጥንካሬው ይሰበራል። እኛ ጋ ችግሩን የፈታው ቡና ሲያደርቅ ያደገ ሰራተኛ ነው። ፍጩን እንደ ቡና ማድረቂያ አልጋ ከፍ ባለ ወንፊት ላይ በስሱ ዘረጋው፣ በየጊዜው አገላበጠው፣ ዳመና ሲያይ በሸራ ሸፈነው። ማንም አላስተማረውም፤ ቤቱ የሚሰራውን ነው ያመጣው። ስትቀጥሩ ቡና ያደረቀ ሰው ካገኛችሁ አትልቀቁት።

የማጠቢያው ውሃም የስልጠና አካል ይሁን። ጅማ ላይ የተደፋ ውሃ አዌቱ ወንዝ ይገባል፣ አዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ ነው። ታጥቦ የወጣው ደቃቅ ፍጭ ከተለቀቀ አብሮ ይሄዳል። ሁለት ማጥለያ ገንዳና መውጫው ላይ ወንፊት ብዙ ወጪ አይደለም። ወንፊቱን በየቀኑ የሚያጸዳ አንድ ሰው ስሙ ተጽፎ ይመደብ። «ሁላችንም እናጸዳለን» ከተባለ ማንም አያጸዳም።

እንግዲህ የቱን ልምረጥ?

አምስት ስድስት ሆናችሁ በማህበር ተደራጅታችሁ ፈጭታችሁ የምትሸጡ ከሆነ፣ ገንዘባችሁን ግቢ ውስጥ ስልጠና ላይ አውሉ። አንዱን ሰው ለጥገና ኮሌጅ ላኩ። አዲስ አበባ አሁን አያስፈልጋችሁም። ለመሄድ ያሰባችሁትን ገንዘብ ጓንት፣ ማስክ፣ ማጥለያ ገንዳና ሰሌዳ ግዙበት።

ጥራጥሬ ማሽን ልትገዙ ከሆነ ሻጩ ላይ ጠንክሩ። ውሉን ከላይ እንዳልኩት አድርጉ። ከሦስት ወር በኋላ ሁለት ሰው አዲስ አበባ ላኩ። ከሁለቱ አንዷ ከመለያ ጠረጴዛው ትሁን፤ ፋብሪካው የሚጠላውን ጥሬ እቃ በዓይኗ ታያለች፣ ስትመለስ የምትጥለውን ታውቃለች።

ጀሪካንና ሳፋ ማምረት ከፈለጋችሁ አራቱም ያስፈልጓችኋል፣ በዚህ ቅደም ተከተል፤ ግቢ፣ ኮሌጅ፣ ሻጭ፣ አዲስ አበባ። የጀሪካን ክዳንና የጀሪካን አካል አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ላይሆን እንደሚችል የማያውቅ ቡድን ግን እዚህ አይግባ። ሁለቱ ተቀላቅለው የተሰሩ ጀሪካኖች መጋጠሚያቸው ላይ ይሰነጠቃሉ፣ ዘይት የገዛች እናት ላይ ይፈሳል።

ሰልጣኝ ስትቀበሉ ዕድሜ ጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሰራም፣ ሌሊትም አይሰራም። መፍጫና ማቅለጫ አጠገብ እንዳይቆም እኔ ራሴ እከለክላለሁ። ቆራሌው ልጆቹን ይዞ ጭነት ሲያመጣ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ሲሯሯጡ ካያችሁ ማሽኑን አስቁሙ። ጭነቱን በር ላይ ተረክባችሁ መዝኑ።

ሰልጥኖ እንዳይሄድብን ብላችሁ ከባድ የግዴታ ውል ማስፈረም የምታስቡ ካላችሁ፣ እኔ አስፈርሜ አይቼዋለሁ። የፈረመው ቆየ፣ ልቡ ግን ሄዶ ነበር። አሁን ከስልጠና የተመለሰ ሰው ለሌሎች ለሦስት እንዲያስተምር እጠይቀዋለሁ። ሲያስተምር ለሰዓቱ ተጨማሪ እከፍለዋለሁ። ሦስቱ ሲችሉ ደሞዙ ይጨመራል። ያቺ የጠርሙሱን እምብርት ያሳየችኝ እህት አሁን አዲስ የሚገቡትን የምትቀበለው እሷ ናት፤ የመጀመሪያውን ሰዓት ከጠርሙሱ ቂጥ ነው የምትጀምረው።